ከሰሉ ከየት መጣ?

ከሰል በማዳበሪያ ስንገዛ ከየት እንደመጣ የምንጠይቅ ጥቂት ነን። የጠየቅንም «ደኑን ጨረሱት» ብለን ለመውቀስ እንቸኩላለን። የአዊ ዞኗ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ግን ለዚህ ወቀሳ አትመችም።

አዊ ደጋ ነው፤ ዝናብ አይቸግረውም። ጣጣው የመጣውም ከዚያው ነው። ለዘመናት የወረደው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከአፈሩ አጥቦ ስለወሰደው መሬቱ ኮመጠጠ። የዘሩትን ያህል እንኳ የማይታፈስበት ማሳ አለ። መድኃኒቱ ኖራ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በብዙ ኩንታል ነው፤ ማን ይጭነዋል? ከዘር በፊትስ ይደርሳል?

ገበሬው ይህን ሲጠብቅ አልተቀመጠም። ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ዲከረንስ የሚባል የግራር ወገን ተከለ። ክረምት ላይ ችግኙን ይተክልና በመጀመሪያው ዓመት በመካከሉ ጤፍ ይዘራል። በሁለተኛው ዓመት ከሥሩ የበቀለውን ሣር አጭዶ ለከብቱ ያደርገዋል፤ ከተረፈም ይሸጣል። አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ዛፉን ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስለዋል፤ ከዚያም መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ዛፉ ናይትሮጅን ከአየር ወደ አፈሩ ስለሚያስገባ የመሬቱ ለምነት ያገግማል። መሬት የሌለው ወጣትም በቆረጣው፣ በማክሰሉና በጭነቱ የቀን ሥራ አገኘ። የሣር ክዳን በቆርቆሮ የተለወጠበት ቤት ብዙ ነው። በከሰል ምክንያት የዛፍ ሽፋኑ የጨመረ ወረዳ ነው እንግዲህ! (ቀልድ አይደለም፤ በሳተላይት ምስል የታየ ነው።)

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከስንዴ ዋግ ጋር የሚዛመድ የፈንገስ በሽታ ገባበት። ዛፉ ለቆረጣ ሳይደርስ እየደረቀ ነው። መሬቱን በሙሉ ዲከረንስ ያለበሰ ገበሬ ዱሮም እህሉን የሚገዛው ከገበያ ነበር፤ አሁን መግዣውም ደረቀበት።

«ለምን ሁሉን በአንድ ዛፍ ላይ ጣላችሁት?» የሚል አይጠፋም። እኔን ያናድደኛል። በኮመጠጠ መሬት ላይ ገብስና ስንዴ እያፈራረቀ ቢራብ ይሻለው ኖሯል? ገበሬው ስሌቱን አልሳተም። ያጣው ከአጥሩ ውጭ ያለውን ነው፦ በሽታውን ገና ከጅምሩ የሚለይለት ባለሙያ፣ በሽታውን የሚቋቋም ዘር፣ ዛፉ ቢሞት የሚክስ ኢንሹራንስ። ስንዴ በዋግ ሲመታ ቢያንስ አገር ይንጫጫል፤ ለከሰል ዛፍ ማን ይጮኻል? ነጋዴው መኪናውን አዙሮ ሌላ ወረዳ ይጭናል። እኛም አዲስ አበባ ላይ ዋጋው ትንሽ ጨመረ ብለን አጉረምርመን እንገዛለን። ኪሳራውን የታቀፈው ባለማሳው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ባሕር ዛፍ የዞረ አለ፤ ድንች የሞከረም አለ። ጤፍና ገብስ ልዝራ ያለው ደግሞ ያንኑ ኮምጣጣ አፈር ያገኛል። አዊ ዘመድ ያላችሁ፣ ለዘንድሮ ኖራው ከዘር በፊት ደርሷቸው እንደሆነ እስቲ ደውላችሁ ጠይቁልኝ።