ቅቤ የለበትም

መርሳ ላይ አንዲት አዛውንት ዓይን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ፤ እኔም «ቅቤ የለበትም እማማ፣ ይብሉ» አልኳቸው። ቅቤ በእርግጥም አልነበረበትም። ምን እንደነበረበት ግን አልተናገርኩም። ይህን ለንስሐ አባቴ ነግሬያለሁ፤ እዚህ የምጽፈው ኬክ ለሚሠሩና ከሰው እጅ ኬክ ለሚበሉ ነው።

ወልድያ ውስጥ ቤቴ ተቀምጬ ለልደት፣ ለክርስትናና ለምርቃት ኬክ እሠራለሁ። ሱቅ የለኝም፤ አንድ ምድጃና አንድ ሚክሰር አለኝ፣ መብራት ሲጠፋ ክሬሙ በእጅ ይመታል። ደንበኛ የሚመጣልኝ በጣዕሙ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፤ በአበባዬ ነው። የክሬም ጽጌረዳ እንዲህ ይሠራል፦ ራሱ ጠፍጣፋ የሆነ ሚስማር ላይ መጀመሪያ ጉብ ያለ እምብርት ይቀመጣል፤ ከዚያ ግራ እጅ ሚስማሩን ያዞራል፣ ቀኝ እጅ የክሬሙን ከረጢት ይጨምቃል። ሦስት ቅጠል፣ ቀጥሎ አምስት፣ ቀጥሎ ሰባት። ክሬሙ ከቀጠነ ቅጠሉ ይተኛል፤ ከደረቀ ጫፉ ይሰነጠቃል። ቀይ ቀለም ከበዛበት ይመራል፤ ስለዚህ ፈዘዝ አድርጎ መተው ነው፣ ሲያድር በራሱ ይደምቃል። ጽሕፈቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። «እንኳን ደስ ያለሽ» ተብሎ ሲጻፍ የ«ኳ» እግር ላይ ሲደረስ ትንፋሽ ይያዛል። በዚህ ሁሉ እኮራለሁ። ኩራቴን አስቀድሜ የማወራው ኋላ ለሆነው ነገር ሥሩ እሱ ስለሆነ ነው።

አበባውን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ቅባቱ ነው። የሀገራችን ለጋ ቅቤ ለወጥ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ከረጋ ወተት ተንጦ ስለሚወጣ ይጎመዝዛል፣ አሬራውም ተሟጦ ስለማይወጣ ስኳር ሲገባበት ውሃ ይለቃል። ከውጭ የሚመጣው የታሸገ ቅቤ ጣዕሙ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሲደርስ ይፈስሳል፣ እዚያ ከመድረሱ ብዙ ቀድሞም መለስለስ ይጀምራል። ለወይና ደጋዋ ወልድያ ይሁን። መርሳ ግን ሌላ አየር ናት። በደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሲሪንቃን አልፎ ቁልቁል ሲወረድ ሙቀቱ ይመጣል፣ ማንጎውና ፓፓያው ይታያል፣ ኬክ ጭኖ የሚሄድ ሰው ደግሞ ልቡ መምታት ይጀምራል። ስለዚህ ወደ መርሳ ለሚወርድ ኬክ የምጠቀመው ቶሎ የማይቀልጥ የአትክልት ቅባት ነው። በክብደት እጥፉን የዱቄት ስኳር ጨምሬ እመታዋለሁ፤ በጥቂት ውሃና በቫኒላ አላላዋለሁ። ወተት ስለሌለበት ለጾምም ይሆናል ብዬ ነበር የማምነው።

የመርሳው ትእዛዝ የመጣው በሰኔ ጾም ነው። ይህ የሐዋርያት ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ገብቶ ሐምሌ 5 ይፈታል፤ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ብዙ ጊዜ እዚያው ውስጥ ይወድቃል። ብዙ ሰው «የቄስ ጾም ነው» እያለ ያልፈዋል፤ እንደ ሁዳዴ የክርስቲያን ሥጋ ቤት አይዘጋበትም። ተመራቂዋ ልጅ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልድያ በጦርነቱ ስትታመስ ትምህርታቸው ከተቋረጠባቸው ተማሪዎች አንዷ ናት። እናቷ ከመርሳ ደወለችልኝ። «አያቷ ሰኔን ገድፈው አያውቁም» አለችኝ። «ወተት የሚባል ነገር እንዳይነካው። አበባው ግን ይብዛ።»

ኬኩ ራሱ አላስቸገረኝም፤ ያለ እንቁላል፣ በዘይት፣ በአቼቶና በቤኪንግ ሶዳ ይነፋል። የለመድኩት ቅባት ግን ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ባለሱቁ ሌላ አነሳልኝና «ያው ነው እኮ፣ የአትክልት ነው» አለኝ። ማሸጊያው ላይም የሱፍ አበባ ተስሎበታል። ማታውን መታሁት። እንደዚያ ቀን ክሬም ታዞልኝ አያውቅም፤ ቅጠሉ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይቆማል። ኬኩን ዙሪያውን በጽጌረዳ ከበብኩትና ብዙ ሰዓት ተቀምጬ አየሁት።

ጠዋት ወጥ ቤቱን ሳጸዳ ማሸጊያውን ከመጣሌ በፊት ገልበጥ አደረግኩት። የይዘቱ ዝርዝር መጨረሻ አካባቢ፣ ዓይን በሚያደክም ጥቃቅን ፊደል፣ «ዌይ ፓውደር» ይላል። የደረቀ አጓት ነው። አይብ ሲወጣ የሚቀረውን ውሃ የገጠር ሴት ሁሉ ታውቀዋለች፤ ፋብሪካ ሲያደርቀው ግን ስሙ ተቀይሮ ከሱፍ አበባው ሥር ተደበቀ።

ለመነሳት ሁለት ሰዓት ያህል ይቀረኝ ነበር። አበባውን ጠርጌ፣ ኬኩን ማርማላታ ቀብቼ፣ የተቆላና የተፈጨ ለውዝ ልነሰንስበት እችል ነበር። እሱ ቢቀር ደውዬ «እንዲህ ሆኗል» ማለት ምንም አይጠይቅም። እኔ ግን ሰበብ እደረድር ጀመር። ሰኔን ማን ይጾማል አልኩ። ጥቂት ዱቄት ናት አልኩ። ልጅቱ ያን ሁሉ መከራ አልፋ በተመረቀችበት ቀን ማርማላታ የተቀባ ኬክ ይቀርብላታል ወይ አልኩ። ሰበቤ ሁሉ ለሰው የማስብ ያስመስለኝ ነበር፤ እውነቱ ግን አበባዬ እንዲታይልኝ መፈለጌ ነው። ማሸጊያውን ከሰል ምድጃው ውስጥ ጨመርኩት። ያጠፋ የማይመስለው ሰው ማሸጊያ አያቃጥልም።

መርሳ ስንደርስ ከጽጌረዳው አንዱም አልተኛም። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ፣ ልጅቱ ፎቶ ተነሳች፣ ስልኬን የሚቀበሉኝ ሴቶች ከበቡኝ። አያትየዋ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሳህኑ ሲደርሳቸው እጃቸውን ሰበሰቡና ጠሩኝ። «ልጄ፣ ቅቤ የለበትም አይደል?» አሉኝ። ወተት የለበትም ወይ ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ ምን እል ነበር? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ቅቤ ብለው ስለጠየቁኝ ግን በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ሾልኬ አመለጥኩ። አማተቡና አበባውን ለብቻው አንስተው በሉት።

የወሎን ድግስ ለሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ የሚታረድ ለይቶ ያዘጋጃል፤ ድስቱም አሳላፊውም ይለያል። የሙስሊሙም ቤት እንዲሁ ነው። ማንም አይከፋበትም፤ መከባበሩ ያለው መለየቱ ላይ ነውና። ሥጋና ወተት የሌለበት የጾም ምግብ ግን እንዲህ ያለ አጥር የለበትም፤ አንድ ሳህን ለሁሉም ይዞራል። የዚያን ቀንም ከአያትየዋ ጎን የተቀመጡት ሙስሊም ጎረቤታቸው «የጾም ከሆነማ እኛስ ምን እንጠይቃለን» ብለው ሳቁና ቆርሰው በሉ። ለእሳቸው አጓት ምንም አይደለም። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ጄላቲን ቢሆን ኖሮስ? ጄላቲን ከከብትም ከአሳማም ቆዳና አጥንት ይወጣል፤ ወረቀቱ ሁልጊዜ ከየትኛው እንደሆነ አይነግርም። ያው አፌ፣ ያው አበባዬ እንዲታይ ብሎ፣ «የለበትም» ይል ነበር ብዬ እፈራለሁ።

ወልድያ ተመልሼ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ሁሉ አወረድኩ። ለጾም ኬክ እመታው የነበረው የክሬም ዱቄት ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ወተት አልባ» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው። ከጀርባው ያለውን ሳነብ «ሶዲየም ኬዝኔት» ተጽፏል። ይህ ከወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። አሜሪካ ሳትቀር እንዲህ ያለውን ዕቃ ወተት አልባ ብሎ መሸጥን ትፈቅዳለች፤ ኬዝኔቱ የወተት ውጤት መሆኑ ዝርዝሩ ውስጥ ከተጻፈ ይበቃል። በሁዳዴ፣ በፍልሰታ፣ በረቡዕና በዓርብ ለስንት ሰው በዚያ ዱቄት ሠርቻለሁ። በዚህ ግን ብዙ አልተሠቃየሁም። ሳላውቅ ያደረግኩትንና እያወቅኩ ያደረግኩትን ኅሊናዬ ራሱ ለያቸው፤ ሌሊት የሚያስነሳኝ የመርሳው ብቻ ነው።

ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው የጠበቅኩት ስግደት ነበር። ስግደቱንም ጾሙንም ሰጡኝ፤ አንድ ነገር ግን ጨመሩበት። «ሄደሽ ለሴትየዋ ንገሪ» አሉኝ። ፈራሁ፤ መጀመሪያ ለእናትየው ደወልኩ። እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። «ስሚ እህቴ» አለችኝ። «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጾማ ደክማለች። ዛሬ ይህን ብትሰማ ለራሷ ቀኖና ተቀብላ በዚያ ጉልበቷ ስትሰግድ ነው የምትውለው። አንቺ እንዲቀልልሽ እሷ ትሸከም ነው የምትዪው? አትንገሪያት።»

መልስ አጣሁ። ሳታውቅ የበላች ሰው ምን ኃጢአት አለባት ብዬ ልከራከር አሰብኩ፤ ይህም ክርክር ነገሩን ለእኔ የሚያቀልልኝ ስለሆነ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ የእናትየዋ ሐሳብ ይመላለስብኛል፤ አንዳንድ ቀን ልክ ናት እላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ውሸቴን ለሁለት ተካፈልነው እንጂ ምን አስታረቀን እላለሁ።

የንስሐ አባቴ ባገኙኝ ቁጥር ነገርሻቸው ወይ ይሉኛል። አልነገርኳቸውም። ልጃቸው ከለከለችኝ ብዬ እመልሳለሁ። ባትከለክለኝ ኖሮ መርሳ ወርጄ እነግራቸው እንደነበር ግን እርግጠኛ አይደለሁም።