ከስማችን ኋላ የተለጠፈችው «ኤ»

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሥራ የሌላት ሐበሻ ሴት ብዙ ነገር ሊጎድላት ይችላል፤ ምክር ግን አይጎድላትም። ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ አንድ መካሪ አይጠፋም። «ነርሲንግ ግቢ» ይሏችኋል። ረጅም ነው ስትሉ «ዴይኬር ክፈቺ» ይመጣል። ፈቃዱ፣ ቤቱ፣ ገንዘቡ ከየት ይምጣ ስትሉ ደግሞ ሦስተኛው ምክር ከቶናው ጋር ይቀርባል። «ታዲያ ለምን ሜዲካል ኮዲንግ አትማሪም? ከቤትሽ ሳትወጪ፣ በነጠላ ጫማሽ ሆነሽ ዶላርሽን ትቆጥሪያለሽ!»

ምክሩ ክፉ አይደለም። መካሪዎቹም እትዬዎቻችንና ጋሼዎቻችን ናቸው፤ ደግ ደጉን ይመኙልናል። ችግሩ ስለ ትምህርቱና ስለ ፈተናው ሁሉም ሲነግረን ከፈተናው ማግስት ስላለው ነገር ማንም ትንፍሽ አለማለቱ ነው። ይቺ ጽሑፍ ስለዚያ ማግስት ናት።

እኛ ስንል ሦስት ነን። አንዷ አገር ቤት ነርስ ነበረች። ሁለተኛዋ ባንክ ውስጥ መስኮት ላይ ተቀምጣ ገንዘብ ስትከፍልና ስትቀበል የኖረች ናት። ሦስተኛዋ፣ ይህን የምትጽፈው፣ ጋዜጠኝነት ተመርቃ ማይክራፎኑን ሳትጠግበው ዲቪ የደረሳት ናት። አንድ ቤት ተከራይተን፣ የእቁባችንን ብር ለመጽሐፍና ለፈተና አውለን፣ አብረን አጥንተን አብረን ስላለፍን «እኔ» ብሎ መጻፉ ነውር ይሆንብናል።

የትኛው ኮዲንግ?

በመጀመሪያ ነገር እናጥራ። አገር ቤት ያሉ ታናናሾቻችን «ኮዲንግ ተማርን» ስንላቸው በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጋር አምታተውት «እስቲ አንድ አፕ ሠርታችሁ አሳዩን» ብለውናል። የእኛው ሌላ ነው። ሐኪም በሽተኛውን ያይና ማስታወሻ ይጽፋል። ኮደሯ ማስታወሻውን አንብባ በሽታውንና የተደረገውን ሕክምና ወደ ኮድ ትለውጣለች። ኢንሹራንሱ ኮዱን አይቶ ይከፍላል፣ ወይም ክሌሙን ይመልሰዋል። አገር ቤት ካርድ ክፍል የሚባለውን ቦታ ከሂሳብ ክፍሉ ጋር ብታጋቡት የሚወለደው ልጅ እኛን ይመስላል።

የበሽታዎቹ መዝገብ አይሲዲ-10-ሲኤም ይባላል። አሜሪካ ከኦክቶበር 1 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትሠራበት ሲሆን በቀድሞው መዝገብ 14 ሺህ ገደማ የነበረው ኮድ በዚህኛው ወደ 70 ሺህ ገደማ አድጓል። የደም ግፊት አይ10 ነው። ሌላ ጣጣ ያላስከተለ ዓይነት 2 ስኳር ኢ11.9 ነው። ዳክዬ ለመታው ሰው ኮድ አለው። የጄት ሞተር ለሳበው ሰው ኮድ አለው። እናንተዬ፣ ሥራ ለማጣትም ኮድ አለው! ዜድ56.0። አዲስ ባህል መልመድ ሲያቅት ደግሞ ዜድ60.3። ሥራ ስንፈልግ በከረምንባቸው ወራት አንዳችን ሌላዋን «እንዴት ዋልሽ?» ስትላት መልሱ «ዜድ56.0» ነበር።

ፈተናው 100 ጥያቄ ነው፤ 4 ሰዓት ይሰጣል፤ ለማለፍ 70 ከመቶ ያስፈልጋል። የኮድ መጻሕፍቱን ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ይህን የሰሙ ሁሉ «መጽሐፍ ገልጠሽማ ምን ይከብዳል?» ይላሉ። ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው ጊዜ 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ መሆኑን፣ መጽሐፉም በውፍረቱ ትራስ እንደሚያክል ስንነግራቸው ዝም ይላሉ።

ለማጅ

አለፍን። እንጀራው ተጋገረ፣ ዶሮው ተሠራ፣ እልልታውም ቀለጠ። ሰርተፊኬቱ ሲመጣ ግን ሲፒሲ የሚለው ማዕረግ ኋላ ላይ አንዲት ፊደል ተለጥፋ ነበር፦ ሲፒሲ-ኤ። «ኤ»ዋ ተለማማጅ ማለት ናት። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ኋላ ላይ «ለማጅ» የሚል ወረቀት ሲለጠፍ አይታችሁ የለ? ሾፌሩ ሁሉ ይርቀዋል፤ አንዳንዱም በጥሩምባ ያባርረዋል። ልክ እንደዚያ ናት።

«ኤ»ዋን ለማስነሳት የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ በደብዳቤ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቢያንስ 80 ሰዓት የኮዲንግ ትምህርት የተከታተለ ሰው አንድ ዓመት ይቀነስለታል። ጥሩ፤ ልምዱን ከየት እናምጣ? ማስታወቂያው «ኢንትሪ ሌቭል» ይልና ከሥሩ «ቢያንስ ሁለት ዓመት» ይላል። አገር ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ተኮልኩለን «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የምትለዋን መስመር ስናድን ያደግን ልጆች ነን። እዚህ ያቺ ዜሮም ናፈቀችን።

የተማርንበት ድርጅት ሲመዘግበን «ሥራ እናገናኛችኋለን» ብሎ ነበር። ስናልፍ የላከልን ማንም ሰው ጎግል ላይ የሚያገኛቸውን የድረ ገጾች ዝርዝር ነው። ሌሊት ሌሊት አንዳችን ፓርኪንግ ካሸር፣ አንዳችን ሆም ኬር፣ አንዳችን ነዳጅ ማደያ እየሠራን ቀን ቀን ማመልከቻ እንልካለን። የአብዛኞቹ መልስ ዝምታ ነበር።

ቀጣሪዎቹ ክፉ ሆነው እንዳልሆነ የገባን ቆይቶ ነው። ኮደር የምትለካው በሰዓት ስንት ማስታወሻ እንደጨረሰችና ስንቱን በትክክል እንደሠራች ነው፤ በብዙ ቦታ 95 ከመቶ ትክክል መሆን ይጠበቅባታል። ለማጅ ከሆነች የሠራችውን ሁሉ ሌላ ሰው መልሶ ማየት አለበት። ያ ሰው ደግሞ ራሱ በሰዓት የሚለካ ነው። ቤቷ ተቀምጣ የምትሠራዋን ማን አጠገቧ ሆኖ ያርማት? በዚያ ላይ ለማጅ እጁን የሚፈታባቸው ቀላል ማስታወሻዎች ገሚሶቹ ዛሬ በሶፍትዌር ይሠራሉ፤ ገሚሶቹም ወደ ሕንድና ወደ ፊሊፒንስ ይላካሉ። የነጠላ ጫማው ሥራ አለ፤ ግን የመጀመሪያው ሥራ እሱ አይደለም፤ የሦስተኛው ወይም የአራተኛው ዓመት ሥራ ነው።

ደብዳቤው

እንዲህ እያለን አንድ ቀን መፍትሔ የሚመስል ነገር ቤታችን ድረስ መጣ። ለክሊኒኮች ቢሊንግ የሚሠራ ትንሽ ቢሮ ያላቸው አንድ ጋሼ ነገራችንን ሰምተው አዘኑልን። «ልጆቼ፣ ለምን ትንከራተታላችሁ? እኔ ዘንድ ሁለት ዓመት ሠርተዋል ብዬ እጽፍላችኋለሁ። ደብዳቤ ነው፤ ምን ይጎዳኛል?» አሉን። ገንዘብ አልጠየቁንም። ከልባቸው ነው።

እውነቱን እንናገርና ያን ሌሊት አልተኛንም። የቤት ኪራይ አለ። አገር ቤት የእናት መድኃኒት አለ። በአንድ ወረቀት «ኤ»ዋ ትነሳለች። ታዲያ ምን ያዘን? የያዘን የሙያው የመጀመሪያ ትምህርት ነው፦ ያልተጻፈ አልተደረገም። ሐኪሙ ያላሰፈረውን ኮደሯ አታስገባም። ያልተሠራን ሥራ ተሠራ ብሎ መንግሥትን ማስከፈል በአሜሪካ ከ1863 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ያስጠይቃል። ያልሠራነውን ሠራን ብለን ከገባን ነገ በሽተኛ ያልታከመውን ታከመ ብላችሁ ጻፉ ስንባል በምን አፋችን እምቢ እንላለን?

ግን ጋሼን «እምቢ» ማለት እንዴት ይቻላል? ትልቅ ሰው ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተዋል። መላውን ያገኘችው የባንኳ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ደብዳቤውን ይተዉትና ልምዱን ይስጡን። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተን እንሥራ፤ ስንሠራ ያዩትን ብቻ ይጻፉልን» አለቻቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩዋት። ከዚያ ሳቁ። «እሺ፣ ቅዳሜ ኑ። ግን ቡና አፍይታችሁ የምትሄዱበት ቢሮ አይደለም» አሉን። የበሽተኛን ምስጢር ስለመጠበቅ የሚያስገድደውን ሥልጠና ወስደን፣ ፈርመን፣ በዝቅተኛው ሕጋዊ ክፍያ ጀመርን።

እዚያ የተማርነው ከመጽሐፉ ውጪ ያለውን ነው። ኢንሹራንስ የመለሰውን ክሌም ይዞ ለምን እንደተመለሰ መፈለግ፣ ስልክ ላይ አርባ ደቂቃ ሙዚቃ መስማት፣ አስተካክሎ መልሶ መላክ። የባንኳ ልጅ አንዲት ሳንቲም ስትጎድል ቆጥራ እስክታገኛት እንቅልፍ የማይወስዳት ስለሆነች ክሌሙ ወዳጅዋ ሆነ። በሦስተኛው ወር ጋሼ ሙሉ ቀን ቀጠሯት።

ያለፈውን ማጥፋት

ሌላው የሰማነው ምክር «ሬዙሜሽ ላይ ያለውን የአገር ቤት ነገር አጥፊው» የሚል ነው። ነርሷ እዚህ ፈቃድ የላትም፣ ጋዜጠኛዋን ደግሞ ከሕክምና ጋር ምን አገናኛት? ብዙ ተከራከርንና ለመተው ወሰንን። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም የሥራ ዘመን ከወረቀት ላይ ቢፋቅ የሚተርፈው «ኤ»ዋ ብቻ ናት።

ነርሷን የጠቀማት እሱ ሆነ። አንድ ሆስፒታል ከሕክምና በፊት ከኢንሹራንስ ፈቃድ የሚጠይቅ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። የሐኪም ማስታወሻ አንብባ ለምን ይህ ምርመራ እንዳስፈለገ ማስረዳት ለእሷ አዲስ ነገር አልነበረም። የሥራው መጠሪያ ውስጥ ኮዲንግ የሚል ቃል የለም። ቀኑን ሙሉ የምትነካው ግን ኮድ ነው።

ተራው የጋዜጠኛዋ ሆነ። ለክሊኒክ ፍሮንት ዴስክ ነበር ያመለከተችው። ኢንተርቪው ላይ ኃላፊዋ ሬዙሜውን አይታ «ጋዜጠኛ ነሽ፤ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻት። መልሱ ሲጠና የከረመ ነበር። በተመላላሽ ሕክምና ሐኪሙ «የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል» ብሎ ቢጽፍ የሳንባ ምች ኮድ አይሰጥም፤ የታየው ሳልና ትኩሳት ነው የሚጻፈው። ጋዜጠኛም የተጠረጠረን ሰው ጥፋተኛ ብላ አትጽፍም። ማስታወሻው ግልጽ ካልሆነ ሐኪሙ ይጠየቃል፤ ጥያቄው ግን መልሱን የሚያጎርስ መሆን የለበትም። ይህንንም የጋዜጠኝነት ክፍል ውስጥ ነው የተማርነው። ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። ፍሮንት ዴስኩን ሰጠቻት፤ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ከክሊኒኩ ኮደር ጎን እንድትቀመጥ ፈቀደችላት።

እና ዛሬ ለመማር የምታስቡ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን፣ አትማሩ አንልም። ስትመዘገቡ ግን የትምህርቱን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ከፈተናው በኋላ የምትኖሩበትን ወራትም ቁጠሩ። ምዝገባ፣ ቢሊንግ፣ የተመለሰ ክሌም፣ ቅድመ ፈቃድ፣ ካርድ ክፍል፤ «ኮደር» የሚል ቃል የሌለባቸውን በሮች ሁሉ አንኳኩ። በየአካባቢው የኮደሮች ማኅበር ስብሰባ አለ፤ ሂዱና ከሰው ተዋወቁ። ለሰርተፊኬቱ እድሳት በየሁለት ዓመቱ 36 የትምህርት ነጥብ እንደሚፈለግም አትርሱ። «ሥራ እናገናኛለን» የሚላችሁን ባለፈው ዓመት ማንን የት እንዳስቀጠረ ጠይቁት። የውሸት ደብዳቤ የሚያቀርብላችሁ ደግ ሰው ካለ ደግነቱን ተቀበሉ፤ ደብዳቤውን ግን በሥራ ለውጡት።

ይህ ሲጻፍ የባንኳ ልጅ «ኤ» ተነስታለች። የሌሎቻችን ገና ነች። ቅዳሜ ግን ጋሼ ቢሮ እንገናኛለን፤ ቡናውንም፣ ያሉትን ጥሰን፣ እናፈላለን።

ቸር እንሰንብት።