ከልጄ ጋራ በታላቁ ሩጫ

ቀድሞ በአገራችን ሹም በበቅሎ ሲሄድ የሚሮጠው በጎኑ ያለው አሽከር ነበረ። ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፣ በቅሎው ከቀረ በኋላ እንኳ ጐልማሳ ሰው በአደባባይ ሲሮጥ መታየቱን ብዙዎቻችን እንደ ነውር የምንቈጥረው። እኔም የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ፣ በባለጉዳይ ፊት በኮትና በከረባት እንጂ በካናቴራ ታይቼ አላውቅም ነበር። ስለዚህ የ16 ዓመት ልጄ በታላቁ ሩጫ አብሬያት እንድሮጥ በለመነችኝ ጊዜ፣ የሥራ ብዛት እያመካኘሁ ሁለት ዓመት አሳለፍሁ። በሦስተኛው ዓመት ካጠራቀመችው ገንዘብ ከፍላ፣ ለሁለት ሰው ተመዝግባ፣ ሁለት ካናቴራ ይዛ መጣች፤ እምቢ ለማለት አፍ አጣሁ።

ይህ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. በኅዳር ወር በኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሳቢነት የተጀመረ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 10 ሺሕ ሰው ወጣ፤ በወንዶች ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ነበረ። ከዚያ ወዲህ የሕዝቡ ቍጥር ከ40 ሺሕ አልፏል። መንገዱ 10 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ካናቴራ ይለብሳል፤ ቀለሙ ግን በየዓመቱ ይለወጣል።

መኖሪያችን ቡራዩ ነው። ለልምምድ ግን ልጄ በየቅዳሜው ማለዳ ወደ ሱሉልታ ወሰደችኝ። ከእንጦጦ ማዶ ያለው ይህ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ ታላላቆቹ ሯጮቻችንም ደማቸው በዚህ አየር እንዲጠነክር፣ ጎሕ ሲቀድ ከዚያ አይጠፉም። እኔ 200 እርምጃ ሮጬ ጉልበቴን ይዤ ስቆም፣ እነርሱ እንደ ሚዳቋ በአጠገቤ ያልፉ ነበር። አንድ እረኛ ከብቶቹን ትቶ ሊያየኝ ቆመ፤ ሳቁንም ለመደበቅ አልደከመ። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ሩጫን ምሳሌ አድርጎ መጻፉን ተምሬ ነበር፤ ምን ያህል ትንፋሽ እንደሚፈጅ ያወቅሁት ግን በሱሉልታ ነው።

በሩጫው ዕለት ገና ሳይነጋ ወጥተን መስቀል አደባባይ ደረስን። እውነቱን ለመናገር፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ የሚያደርገው ከሩጫ ይልቅ ጭፈራን ይመስላል። ማን ሹም፣ ማን ሎሌ እንደ ሆነ አይለይም። እኔን ያሳሰበኝ ግን የሚያውቀኝ ሰው ያገኘኝ እንደ ሆነ ነበር።

ከመንገዱ እኩሌታ በኋላ በአንድ ዳገት ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ቆምሁ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው የያዙትን ውኃ ዘረጉልኝና «አይዞህ ልጄ፣ ብዙ አልቀረም» አሉኝ። ቀና ብዬ ባያቸው፣ በውርስ ክርክር ከሰበታ ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው፣ ሦስቱንም ጊዜ «መዝገቡ አልተገኘም» ብዬ የመለስኋቸው ባለጉዳይ ናቸው። ያለ ኮትና ያለ መነጽር ስለ ነበርሁ አላወቁኝም። ውኃውን ጠጣሁ፤ ማንነቴን ግን አልተናገርሁም።

«አባባ፣ እኚህን ሰው ያውቋቸዋልን?» አለችኝ ልጄ።

«በሥራ» አልኋት። ከዚያ እስከ መጨረሻው አልተነጋገርንም፤ እርስዋ ድካም መስሏት ነበር።

ሰኞ ጧት ከሁሉ አስቀድሜ መዝገቡን ፈለግሁ። በሌላ ዓመት እሥር ውስጥ ገብቶ ኖሮ፣ ለማግኘት አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ከዚያ በፊት በእውነት አልፈለግሁትም ነበር።

በቀጠሯቸው ቀን ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡና ከጠረጴዛው ራቅ ብለው ቆሙ። መዝገቡ መገኘቱን ስነግራቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሡና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አሉኝ። ወንበር አቀረብሁላቸው፤ አይሆንም ብለው ቆመው ፈረሙ።