በዝናብ ስለሚያጥር ጨዋታ

ሰኔ አልፎ ሐምሌ ሲገባ በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖር ሰው ሁሉ የሰማዩን ጠባይ ያውቀዋል። ጧት ፀሓይ ትወጣለች፤ ከቀትር በኋላ በወጨጫ በኩል ደመናው ይከመራል፤ ከዚያም ዝናቡ ሲወርድ በአጠና ተራና በዓየር ጤና መንገድ የሚሄደው ሁሉ ወደ ሱቆች ጥላ ይሸሻል። ከአዲስ አበባ የዓመት ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋውም በዚሁ ወራት ስለ ሆነ፥ የሰፈር ልጆች የእግር ኳስ ውድድራቸውን የሚያደርጉት ሰማዩ በሚከፋበት ጊዜ ነው፤ ሌላ ጊዜ የላቸውምና። እንግዲህ በየዓመቱ አንድ ክርክር ይነሣል፤ ይኸውም፥ ዝናብ ቆርጦ ያሳጠረውን ጨዋታ መጫወት ይገባልን ወይስ ጭራሽ ቢቀር ይሻላል? የሚል ነው።

ብዙዎች ሽማግሎች ነገር ወይ በሙሉ ይሁን ወይ ይቅር ይላሉ። ግማሽ ጨዋታ ተጫውቶ ዋንጫ መውሰድ ያልበሰለ እንጀራ ከምጣድ እንደ ማውጣት ነው ብለው ይፈርዱበታል። ይህ ፍርድ ለጆሮ ያምራል፤ ለእኔ ግን ችኩል ይመስለኛል። የቤተ ክህነት ሰው ስለ ኳስ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር፥ ልጆቹ የሰፈራችን ልጆች ናቸው፥ ሲጣሉም ለዕርቅ የሚመጡት ወደ እኛ ነው ብዬ እመልስለታለሁ።

አባቶቻችን በዚህ ጥያቄ አልተጨነቁበትም። ገናን የሚጫወቱት በታኅሣሥ መጨረሻ፥ እህሉ ታጭዶ መስኩ በደረቀበት ወራት ስለ ነበረ፥ ጨዋታቸውን የሚያስቆመው የፀሓይ መጥለቅ ብቻ ነበረ። የዝናብ ሕግ ማውጣት አላስፈለጋቸውም። ስለ ዝናብ ብዙ ያሰበበትና ብዙም የተቸገረበት ሌላ የዱላና የኳስ ጨዋታ ነው፤ እርሱም ክሪኬት የሚባለው የእንግሊዞች ጨዋታ ነው። ሕንዶችና ፓኪስታኖች፥ አውስትራልያውያንና ደቡብ አፍሪካውያንም ከእንግሊዞች ተቀብለው እጅግ ይወዱታል።

ክሪኬት ከገና ጋር የሚመሳሰለው በዱላውና በኳሱ ነው እንጂ ሥርዓቱ ሌላ ነው። በገና ሁለቱ ወገኖች ባንድ ጊዜ ይራኰታሉ። በክሪኬት ግን አንደኛው ወገን አስቀድሞ ይመታል፥ ሁለተኛው ይወረውራል፤ የመጀመሪያው ሲጨርስ ተለዋውጠው ሁለተኛው ይመታል። 6 ውርወራ አንድ ኦቨር ይባላል። በአንድ ቀን በሚያልቀው ጨዋታ ለያንዳንዱ ወገን 50 ኦቨር፥ ማለት 300 ውርወራ ይሰጠዋል፤ ከ11ዱ ተጫዋቾች 10ሩ ከወጡበት ግን ውርወራው ባያልቅም ተራው ያልቃል። ሁለተኛው ወገን የመጀመሪያውን በአንድ ነጥብ እንኳ ቢያልፈው አሸናፊ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው። የእግር ኳስ በዝናብ ቢያጥር ጊዜው የሚቀነሰው ከሁለቱም ወገን ነው። በክሪኬት ግን የመጀመሪያው ወገን 300 ውርወራውን ከጨረሰ በኋላ ዝናብ ቢመጣ የሚቀነሰው ከሁለተኛው ብቻ ነው። ታዲያ ሁለተኛው ስንት ነጥብ ቢያገኝ አሸነፈ ይባላል?

መጋቢት 13 ቀን 1984 ዓ.ም. በአውስትራልያ አገር በሲድኒ ከተማ የሆነውን ላውጋ። የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ነበረ፤ እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ ተገናኙ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መለያየት ሕጓ ምክንያት ከዓለም ውድድር ለብዙ ዘመን ተወግዳ ቆይታ የተመለሰችበት የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ይህ ነው። ወርዋሪዎችዋ ስለ ዘገዩ ጨዋታው አስቀድሞ ወደ 45 ኦቨር ወርዶ ነበረ፤ በእርሱም እንግሊዝ 252 ነጥብ አገኘች። ደቡብ አፍሪካ ተከትላ ስትመታ፥ 13 ውርወራ ቀርቶ 22 ነጥብ ሲያስፈልጋት ዝናብ ወረደ። አስቸጋሪ ነው እንጂ የማይቻል አልነበረም፤ ሕዝቡም ቆሞ ይመለከት ነበረ። ዳኞቹ ተጫዋቾቹን ከሜዳ አስወጡ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ሲመለሱ 2 ኦቨር ተቀንሶ የቀረው 1 ውርወራ ብቻ ሆነ፤ የሚፈለገው ነጥብ ግን 21 ነበረ። በሰሌዳው ላይ እንዲያውም 22 ተብሎ በስሕተት ተጽፎ ነበረ። በአንድ ምት የሚገኘው ከፍ ያለው ነጥብ 6 መሆኑን ያልሰማ አንባቢ ካለ እነሆ ነገርሁት። መቺው ያችን አንዲት ውርወራ መትቶ፥ አንድ ነጥብ ወስዶ፥ ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

ይህ ነገር በክፋት የመጣ አይደለም፤ በሕግ የመጣ ነው። ቀድሞ የነበረው ሕግ በአማካይ ይቆጥር ነበረ፤ የመጀመሪያው ወገን በአንድ ኦቨር ስንት እንዳገኘ አካፍሎ ለሁለተኛው ያንኑ ያዝዝለታል። ይህም ለሁለተኛው ወገን ያደላ ነበረ። 10 መቺዎች ይዞ 300 ውርወራ ማድረስና እነዚያኑ 10 መቺዎች ይዞ 120 ውርወራ ብቻ መምታት አንድ አይደለምና፤ ጊዜው ያጠረለት ሰው ቢወጣም ስለማይጨነቅ ሳይፈራ ይመታል። ያንን እናርማለን ብለው ሌላ ሕግ አወጡ፤ እርሱም ኦቨር በጠፋ ቍጥር ከመጀመሪያው ወገን ኦቨሮች ጥቂት ነጥብ የተገኘባቸውን እያወጣ የሚቀንስ ነበረ። ደቡብ አፍሪካውያን ቀደም ብለው ሲወረውሩ አጥብቀው ይዘው ስለ ነበረ፥ የእንግሊዝ ሁለቱ ደካማ ኦቨሮች ያስገኙት በጠቅላላው 1 ነጥብ ነው። ስለዚህ ከሚፈለገው የተቀነሰው ያው 1 ሆነ። እንግዲህ ደኅና መወርወራቸው ራሱ ተመልሶ ፈረደባቸው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ፍራንክ ዳክዎርዝና ቶኒ ሉዊስ የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን የቍጥር ሊቃውንት የተሻለ ሥርዓት አበጁ። አሳባቸው በአጭሩ እንዲህ ነው፤ የሚመታ ወገን ሁለት ዓይነት ስንቅ አለው፤ አንዱ የቀረው ውርወራ ነው፥ ሁለተኛው ገና ያልወጡት መቺዎች ናቸው። ዝናብ ውርወራ ሲወስድ የሚጠየቀው ስንት ውርወራ ጠፋ ተብሎ ብቻ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት በእጁ ስንት ሰው ነበረው ተብሎም ይጠየቃል። ይህ ሥርዓት በአገሮች መካከል በሚደረግ ጨዋታ መጀመሪያ የተሠራበት ታኅሣሥ 23 ቀን 1989 ዓ.ም. በሐራሬ፥ ዚምባብዌና እንግሊዝ በተጋጠሙ ጊዜ ነው። ኋላም ስቲቨን ስተርን የሚባል ሊቅ አሻሽሎት የእርሱም ስም ተጨምሮበታል።

ሥርዓቱ ደኅና ሆኖም ልኩን ያላወቀ ሰው መጐዳቱ አልቀረም። የካቲት 24 ቀን 1995 ዓ.ም. በደርባን ያችው ደቡብ አፍሪካ በገዛ አገርዋ ከስሪ ላንካ ጋር በዓለም ዋንጫ ስትጫወት ዝናብ እየመጣ ነበረ። ለመቺዎቹ 229 የሚል ቍጥር ተነገራቸው። እነርሱ ይህ ያሸንፈናል ብለው አሰቡ፤ ቍጥሩ ግን እኩል የሚያወጣቸው እንጂ የሚያሸንፋቸው አልነበረም። 229 ከደረሱ በኋላ መቺው የመጨረሻዪቱን ኳስ በዝግታ አግዶ አቆማት፤ ዝናቡም ወረደ፥ ጨዋታው በዚያው አበቃ፥ እኩል ተባለ፥ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። አንዲት ነጥብ መውሰድ እያቻለው አለመውሰዱ ከድካም አይደለም፤ ልኩን የነገረው ሰው አጥርቶ ስላልነገረው ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ስመለከት የሚታየኝ በቅኔ ቤት የተማርሁት ነገር ነው። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው። ነገር ግን ጉባኤ ቃና የተቆረጠ መወድስ ነው የሚል ተማሪ ቢገኝ መምህሩ ከጉባኤው ያስነሣዋል። የጉባኤ ቃና ባለቤት ሲጀምር ሁለት ቤት ብቻ እንዳለው ያውቃል፤ ሰሙንም ወርቁንም በእነዚያ በሁለቱ ያከማቻል። አንድ ባለቅኔ ግን መወድስ ጀምሮ ሦስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ይበቃሃል ቢሉት፥ ያ የቀረው ቅኔ ጉባኤ ቃናም ሥላሴም አይሆንም። ሰሙን ብቻ ዘርግቶ ወርቁን ለኋለኛው ቤት አስቀምጦ ነበረና። ሰሚውም ይህ ሰው ቅኔ አያውቅም ብሎ ይሄዳል።

ስለዚህ ነውሩ ከማጠሩ አይደለም፤ ከጀመሩት በኋላ ልኩን ከመለወጡ ነው። እንግሊዞችም ራሳቸው በ1995 ዓ.ም. ለያንዳንዱ ወገን 20 ኦቨር ብቻ የሚሰጥ ጨዋታ አቆሙ፤ ዛሬ ከረዥሙ ይልቅ ብዙ ሕዝብ የሚመለከተው ይህ ሆኖአል። አጭር ነው፥ ነገር ግን የተቆረጠ ነው የሚለው የለም፤ ሁሉም አጭር መሆኑን አውቆ ይገባበታልና።

አሁን ወደ ኮልፌ ልመለስ። ካቻምና ነሐሴ፥ በፍልሰታ ጾም፥ የሁለት ሰፈር ልጆች 30፥ 30 ደቂቃ ሊጫወቱ ተስማምተው ገቡ። የመጀመሪያው አጋማሽ 1 ለ 0 አለቀ። በዕረፍቱ ጊዜ ዝናብ መጥቶ አንድ ሰዓት ያህል አስጠለላቸው። ሜዳውን ሌሎች ሁለት ቡድኖች ይጠብቁት ስለ ነበረ ዳኛው ሁለተኛውን አጋማሽ 15 ደቂቃ አድርጎ ፊሽካውን ነፋ። የተሸነፉት ልጆች አንድ እጅግ ፈጣን ሯጭ ነበራቸው፤ ልጁ ጾሞ ስለ ዋለ ለመጨረሻው 15 ደቂቃ ብለው ከሜዳ ውጭ አቆይተውት ነበረ። እርሱ ጫማውን እያሰረ ሳለ ጨዋታው አለቀ ተባለ።

ክርክሩ ወደ ጠብ ሊደርስ ሲል ወደ እኔ መጡ። “የኔታ፥ እኛን ያሸነፈን ሰዓት ነው፥ እነርሱ አይደሉም” አለ የተሸነፉት አለቃ። ያሸነፈውም ቀበል አድርጎ፥ “የኔታ፥ ዝናቡን እኛ አልጠራነው፤ ጐሉን ግን እኛ አግብተነዋል” አለ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። እኔም “ልጆቼ፥ ከዝናቡ በኋላ ስትገቡ 15 ደቂቃ መሆኑን የነገራችሁ አለን?” ብዬ ጠየቅሁ። ሁለቱም የለም አሉ። እንግዲያውስ የቀረውን 15 ደቂቃ ነገ ጧት በ1 ሰዓት፥ ሌሎቹ ሳይመጡ፥ ከ1 ለ 0 ጀምራችሁ ጨርሱ አልኋቸው። መጡ፥ ተጫወቱም። ያ ፈጣን ልጅ ሁለት ጊዜ አምልጦ አንዱን ኳስ ከግንዱ ጋር አላተመው፤ ውጤቱም 1 ለ 0 እንደ ሆነ ቀረ። ስለ ሰዓት የተናገረ ግን አልነበረም።

ኋላም የእግር ኳስን ሕግ የሚያውቅ አንድ ወዳጄ እንዳስረዳኝ፥ በዓለም አቀፉ ሕግ በ7ኛው አንቀጽ አጋማሹ ከ45 ደቂቃ ሊያንስ የሚችለው ጨዋታው ሳይጀመር ዳኛውና ሁለቱ ቡድኖች ሲስማሙ፥ የውድድሩም ደንብ ሲፈቅድ ነው። ተጀምሮ የተቋረጠ ጨዋታም ደንቡ ሌላ ካላለ እንደ ገና ይደገማል። ይህ ቅን ሕግ ነው። ነገር ግን እንደ ገና መድገም ሜዳና ቀን ላለው ሰው ነው። በኛ ሰፈር ብዙው መስክ ቤት ተሠርቶበታል፤ የቀረውን በተራ ይካፈሉታል፤ መስከረም ሲጠባም ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ይገባሉ። እንግዲህ አጭር ጨዋታ አንፈልግም የሚሉት ሽማግሎች፥ ሳያውቁት፥ ልጆቹ በክረምት ምንም አይጫወቱ ማለታቸው ነው።

ሽማግሎቹ የሚሉት አንድ እውነት አለ፤ እርሱንም አልክድም። ጨዋታ ባጠረ ቍጥር ዕድል ይበረታል፤ በ60 ደቂቃ የማያሸንፈው ደካማ ቡድን በ20 ደቂቃ ሊያሸንፍ ይችላል። ክሪኬቶቹም ይህን ስለሚያውቁ ዳርቻ አበጅተውለታል፤ በ50 ኦቨሩ ጨዋታ ሁለተኛው ወገን ቢያንስ 20 ኦቨር፥ በ20ው ደግሞ 5 ኦቨር የመምታት ዕድል ካላገኘ ውጤት የለም ይባላል። ለልጆቻችንም ዳርቻ ያስፈልጋል። መብረቅ ካለ ደግሞ ክርክር የለም፤ ሁሉም ከሜዳ ይውጣ።

ባለፈው ክረምት ይህንኑ በአንድ ወረቀት ጽፈን፥ አጋማሹ ከ15 ደቂቃ እንዳያንስ፥ ልኩም ሁለቱ አለቆች ሰምተው እሺ ሳይሉ እንዳይለወጥ፥ የተቋረጠውም ካቆመበት እንዲቀጥል አድርገን በሜዳው አጠገብ ባለው ሱቅ በር ላይ ለጠፍነው። አንድ ትንሽ ልጅ ጣቱን እያስኬደ አንብቦ ሲጨርስ፥ “የኔታ፥ በረዶስ?” አለኝ። በረዶም ዝናብ ነው ብዬ መለስሁለት፤ የውድድሩ አዘጋጆች ግን በዚህ ነገር እስካሁን አልተስማሙም።