ዳኑብ ሲጎድል፦ ከእናታችን ጋር ያቀድነው የወንዝ ጉዞ



ሙስሊሞች ከጥንት ጀምሮ ለሐጅ፣ ለዕውቀት፣ ለንግድ፣ ዘመድ ለመጠየቅና ያለፉ ሕዝቦችን አሻራ አይተው ትምህርት ለመቅሰም ምድርን ዞረዋል። እኛም ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ ጉዞ ነው። ጉዞውን ገና አልሄድነውም። ነገር ግን ማቀዱ ብቻ ወራት ስለፈጀብን፣ በዚያም ውስጥ ብዙ ስለተማርን፣ ሌሎች ቤተሰቦችም ይጠቀሙበት ዘንድ ልንጽፈው ወደድን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ እናታችን ናት። እኛ አምስት ልጆቿ ስንሆን ሁለታችን በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ አግኝተን እንኖራለን፤ ሦስታችን አዲስ አበባ ከእርሷ ጋር ነን። እናታችን ሐጅ ካደረገች ወዲህ «ከእንግዲህ የሚያምረኝ አገር የለም» ትል ነበር። አንድ ቀን ታላቅ ወንድማችን ከፍራንክፈርት ደውሎ፣ ዳኑብ በሚባለው ወንዝ ውስጥ ከነመስጊዷ ስለሰጠመች አንዲት የሙስሊሞች ደሴት አጫወታት። እናታችን ዝም ብላ ካዳመጠች በኋላ «እንግዲያው እዚያ ውሰዱኝ። ዳር ቆሜ ለነበሩባት ሙስሊሞች ዱዓ ላድርግላቸው» አለች። ከእርሷ አፍ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰምተን ስለማናውቅ የዚያኑ ዕለት ማቀድ ጀመርን።

የሰጠመችው ደሴት

ዳኑብ በጀርመን ከጥቁር ደን አካባቢ ተነሥቶ 2,850 ኪ.ሜ. ያህል ይፈስና ጥቁር ባሕር ይገባል። በመንገዱ ላይ አሥር አገሮችን ያቋርጣል ወይም ያዋስናል። ቪየና፣ ብራቲስላቫ፣ ቡዳፔስትና ቤልግሬድ፣ አራቱም የየአገራቸው ዋና ከተሞች፣ የተቆረቆሩት በእርሱ ዳርቻ ነው።

ይህ ወንዝ ለሙስሊሞች የታሪክ መንገድ ነው። የዛሬዋ ቡዳፔስት አካል የሆነችው ቡዳ ከ1541 እስከ 1686 በኦቶማኖች እጅ ነበረች። በ1541 እዚያው ያረፉት ጉል ባባ የተባሉ ደርቪሽ መቃብር እስከ ዛሬ በከተማይቱ ኮረብታ ላይ ይገኛል። ቤልግሬድ ውስጥ በ16ኛው ምዕተ ዓመት የተሠራው ባይራክሊ መስጊድ ዛሬም ይሰገድበታል። ወደ ታች ሲወረድ በቡልጋሪያዋ ቪዲን የኦስማን ፓዝቫንቶግሉ መስጊድና ቤተ መጻሕፍት አሉ።

ወንድማችን የነገራት ደሴት ደግሞ አዳ ቃሌ ትባላለች። ነዋሪዎቿ ቱርክ ሙስሊሞች ነበሩ። በ1878 በበርሊን የተሰበሰቡት መንግሥታት የባልካንን ካርታ ሲከፋፈሉ ስሟን ሳይጠቅሱ ስላለፏት፣ ዙሪያዋን ያለው አገር ሁሉ ሲለወጥ እርሷ ለብዙ ዓመታት በሕግ የኦቶማን ሆና ቆየች። በኋላ ሮማኒያና ዩጎዝላቪያ «የብረት በር» በተባለው ሸለቆ ላይ ከ1964 ጀምሮ ግድብ ሠሩ፤ ግድቡ ሲሞላ ደሴቲቱ በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ከውሃ በታች ሆነች። ሕዝቡ ወደ ቱርክና ወደ ሮማኒያ ልዩ ልዩ ከተሞች ተበተነ። የመስጊዱ ትልቅ ምንጣፍ ግን ተርፎ፣ በጥቁር ባሕር ዳር በምትገኘው በኮንስታንታ ከተማ ትልቅ መስጊድ ውስጥ ተነጥፏል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳባችን ከላይኛው ዳኑብ በመርከብ ተነሥቶ ቡዳፔስትን፣ ቤልግሬድንና ደሴቲቱ የሰጠመችበትን ሸለቆ አልፎ እስከ ኮንስታንታ መድረስ ነበር። ነገር ግን በፊታችን ሁለት በሮች ነበሩ፤ አንደኛው የውሃው፣ ሁለተኛው የወረቀቱ።

የውሃው በር

ከዚህ በፊት ወንዝ ሲጎድል የሚቸገረው ገበሬና ከብት አርቢ ብቻ ይመስለን ነበር። የአውሮፓ ወንዞችም ይጎድላሉ። በኦክቶበር 2018 ቡዳፔስት ላይ ያለው የዳኑብ መለኪያ ወደ 33 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ከዚያ በፊት ያልታየ ዝቅተኛ ቁጥር ተመዘገበ። በዚያው ወር በራይን ወንዝ ላይ ካውብ በምትባል የጀርመን ከተማ ያለው መለኪያ 25 ሴንቲ ሜትር አሳየ። በኦገስት 2022 ደግሞ ዳኑብ ክፉኛ ከመጉደሉ የተነሣ፣ በሰርቢያ ፕራሆቮ አጠገብ በ1944 ጀርመኖች ሲሸሹ ያሰመጧቸው የጦር መርከቦች ከነፈንጂያቸው ብቅ ብለው ታይተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። የመለኪያው ቁጥር የወንዙ ጥልቀት አይደለም። መለኪያው የሚቆጥረው ከወንዙ ወለል ሳይሆን ከተወሰነ ምልክት ጀምሮ ነው። ካውብ ላይ ለምሳሌ መርከቦች በሚሄዱበት መስመር ያለው ጥልቀት ከሚነበበው ቁጥር አንድ ሜትር ከምናምን ይበልጣል። የመንገደኛ መርከብ ደግሞ ከውሃ በታች የሚገባው ክፍሉ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች መንገዱን ሊከፍቱም ሊዘጉም ይችላሉ።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። በጸደይ የአልፕስ ተራሮች በረዶ ሲቀልጥ ወንዙ ይሞላል። በበጋ ማብቂያ በረዶው አልቆ፣ ሙቀቱ በርትቶ፣ ዝናቡም ሲያጥር ይጎድላል። ስለዚህ አስጊዎቹ ወራት ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ያሉት ናቸው። ግድብና የመርከብ ማሳለፊያ በር ባለበት ቦታ ውሃው ስለሚጠራቀም ችግሩ ያንሳል። ግድብ በሌለበት፣ ለምሳሌ በጀርመን ከሽትራውቢንግ እስከ ፊልስሆፈን ባለው 70 ኪ.ሜ. ያህል መንገድና በሃንጋሪ ሜዳ ላይ፣ መርከብ ቶሎ ይቸገራል። የውሃ መብዛትም እንደ ማነሱ ነው፤ በሴፕቴምበር 2024 በመካከለኛው አውሮፓ ጎርፍ በሆነ ጊዜ በኦስትሪያ ዳኑብ ላይ የመርከብ ጉዞ ቆሞ ነበር።

ውሃው ሲያንስ የመርከብ ድርጅቶች የተለያየ መላ ይፈጥራሉ። አንዳንዶቹ ከጥልቀት አልባው ስፍራ በላይና በታች ሁለት መርከቦች አቁመው መንገደኛውን በአውቶቡስ ያሸጋግራሉ። አንዳንዶቹም መርከቡን እንደ ሆቴል አቁመው ጉዞውን በአውቶቡስ ያደርጋሉ። በ2018 ራይን ላይ የተሳፈረ አንድ ወዳጃችን «የወንዝ ጉዞ ከፍዬ አራት ቀን በአውቶቡስ ተጓዝሁ» ሲል አጫውቶናል። ገንዘቡን ሲጠይቅም የፈረመበትን ውል አሳዩት። ውሃ ቢያንስ መንገዱ ሊለወጥ እንደሚችል በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ኖሯል።

ይህንን ሁሉ ለእናታችን ስንነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችን፤ «ውሃው ሲጎድል ደሴቲቱ ትታይ ይሆን?» አለች። ግድቡ ውሃውን አቁሞ ስለሚይዘው እንደማትታይ ነገርናት። «እንግዲህ የጦር መርከቡ ወጥቶ መስጊዱ ቀረ በሉኛ» አለችን።

የወረቀቱ በር

ሁለተኛው በር ከመጀመሪያው የጠበበ ሆኖ ተገኘ። ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስሎቫኪያና ሃንጋሪ ሁሉም በሸንገን ስምምነት ውስጥ ስለሆኑ በአንድ ቪዛ ይታለፋሉ። ሮማኒያና ቡልጋሪያም በጃንዋሪ 2025 ሙሉ በሙሉ ገብተዋል። በመካከል ያለችው ሰርቢያ ግን ከስምምነቱ ውጭ ናት። ወደ ታች የሚወርደው መርከብ በሃንጋሪ ሞሃች በምትባል ከተማ ቆሞ ፓስፖርት ይታያል፤ ያን ጊዜ መንገደኛው ከሸንገን ወጣ ማለት ነው። ከሰርቢያ በኋላ ቡልጋሪያ ወይም ሮማኒያ ሲደርስ እንደገና መግባት አለበት። ለዚህ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል።

የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ደግሞ በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ እንዲደረግ ወስኗል። የሰጠው ምክንያት በአገሮቹ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በመመለስ ረገድ በቂ ትብብር አልተደረገም የሚል ነው። በውሳኔው መሠረት ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ አይሰጥም፤ የማመልከቻ መመርመሪያው ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀናት ከፍ ብሏል፤ የሚጠየቁ ማስረጃዎችን ማቅለልም አይፈቀድም። የእናታችን ፓስፖርት የኢትዮጵያ ነው። አንድ ጊዜ ከገባች በኋላ ሞሃች ላይ ብትወጣ የምትመለስበት በር የላትም። በማንም አገር ያለ ፈቃድ አንድ ቀን ኖራ የማታውቅ አሮጊት በሌሎች ምክንያት ሞሃች ላይ መቆሟ ከነከነን፤ አልሸሸግናችሁም።

ምርጫው

ወንድማችን አንድ ሐሳብ አመጣ። «የመኖሪያ ፈቃድ ያለን ሁለታችን እስከ ደሴቲቱ እንውረድ። እማዬ ከእህቶቻችን ጋር ቡዳፔስት ትቆይ። ቦታውን በቪዲዮ ቀርጸን እናመጣላታለን» አለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ከመካከላችን የደገፉትም ነበሩ። ሌላው ወንድማችን «እንግዲያው ከነጭራሹ ወደ ራይን እንሂድ። ከስዊዘርላንድ እስከ ሆላንድ ሁሉም ሸንገን ነው» አለ። እናታችን ሁላችንንም ካዳመጠች በኋላ «ልጆቼ፣ ደሴቲቱን ከናንተ ጋር ላያት ነበር እንጂ ደሴቲቱ ብቻዋን ምኔ ናት? ሁላችንም እኩል የምንደርስበት ድረስ እንሂድ» አለች።

ጉዳዩ በዚህ ተቋጨ። ኢስቲኻራ ሰግደን ጉዞውን አሳጠርነው። ከጀርመኗ ፓሳው ተነሥተን በኦስትሪያና በስሎቫኪያ አልፈን ቡዳፔስት ላይ እናበቃለን። ፓሳውን የመረጥነው ጥልቀት ከሌለው ከሽትራውቢንግና ፊልስሆፈን መንገድ በታች ስለሆነች ነው። ወሩን ሜይ ያደረግነው ውሃው አብዛኛውን ጊዜ በቂ የሚሆንበት ስለሆነ ነው። ከዚህም ሌላ በጁን በዚያ አገር የምሽቱ ወጋገን ሳይጠፋ ንጋቱ ስለሚቃረብ ዒሻና ፈጅር ለመጠበቅ፣ በተለይ ለአዛውንት፣ ይከብዳል።

በመንገዳችን ቪየና ላይ ከዳኑብ ብዙ ሳይርቅ በ1979 የተከፈተውን የእስልምና ማዕከል መስጊድ እናያለን። ኦስትሪያ በ1912 እስልምናን በሕግ ያወቀች አገር መሆኗን ስናነብ ተገርመናል። በመጨረሻም ቡዳፔስት ላይ የጉል ባባን መቃብር እንጎበኛለን። መቃብር የምንጎበኘው ሞትን ለማስታወስና ለሟች ዱዓ ለማድረግ ነው። እናታችንም ለአዳ ቃሌ ሰዎች ያሰበችውን ዱዓ ወደ ታች የሚወርደውን ውሃ እያየች እዚያው ልታደርግ ነይታለች።

ለሚያቅዱ ቤተሰቦች

ከድካማችን ያገኘነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ውሃ ቢያንስ ወይም ቢበዛ ድርጅቱ ምን እንደሚያደርግ፣ ስንት ቀን በአውቶቡስ ቢሆን ምን ያህል ገንዘብ እንደሚመለስ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ መርከቡ የሚቆምባቸውን አገሮች አንድ በአንድ ቆጥሩ፤ አንዱ እንኳ ከሸንገን ውጭ ከሆነ ቪዛችሁ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ አረጋግጡ። ማመልከቻው የሚገባው ብዙ ቀን ለምትቆዩበት አገር ነው። ከስድስት ወር በፊት አይቀበሉም፤ ሁለት ወር ሲቀር መጀመር ግን መዘግየት ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስም ይጠየቃል። ደንብ ስለሚለወጥ ከኤምባሲው ራሱ ጠይቁ እንጂ በወሬ አትመኩ።

ሦስተኛ፣ ሐላል ምግብ ስለ መኖሩ አስቀድማችሁ ጻፉላቸው። ከሌለ ዓሣና አትክልት፣ ያለ ወይንና ያለ ዐሳማ ስብ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ። በዋጋው ውስጥ መጠጥ ከተካተተ እንዲቀነስላችሁ ጠይቁ።

አራተኛ፣ ቂብላ ከዚያ አገር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። መርከቡ ከወንዙ ጋር ስለሚጠማዘዝ ኮምፓስ ያዙ። ስለ ቀስርና ጀምዕ የምታምኗቸውን ዑለማ ከመነሣታችሁ በፊት ጠይቁ።

አምስተኛ፣ በወለድ ተበድራችሁ አትጓዙ። ሽርሽር ግዴታ አይደለም፤ ከሪባ መራቅ ግን ግዴታ ነው።

ግመልን አስሮ በአላህ መመካት ማለት ይህ ነው። መለኪያውን እናነባለን፣ ወረቀቱን እናሟላለን፤ ዝናቡን የሚያወርደው ግን አላህ (ሱ.ወ.) ነው። በየምሽቱ የምንቀራትን የሱረቱል ሙልክን የመጨረሻ አንቀጽ የሚያስታውስ ሰው የወንዝ መጉደል ምን እንደሚነግረው ያውቃል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በሚፈስ ወንዝ ዳር ሆነን እንኳ በውዱእ ውሃ እንዳናባክን አስተምረውናል። ታላላቅ መርከቦች የሚሄዱበት ዳኑብ ሊጎድል ከቻለ፣ በየቤታችን ቧንቧ የሚወርደው ውሃ ምንኛ ሊጠበቅ ይገባው!

ማመልከቻችን ገብቷል፤ 45ቱን ቀን እየቆጠርን ነው። እናታችን ድሮ ከገጠር ዘመድ ሲመጣ ከሰላምታ ቀጥላ «ዝናቡ እንዴት ነው?» ትል ነበር። አሁን ደግሞ ወንድማችን ከፍራንክፈርት ሲደውል «ውሃው ስንት ደረሰ?» ብላ ትጠይቃለች። እርሱም የዕለቱን ቁጥር ያነብላታል፤ እርሷም «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፤ ቁጥሩ ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም።

አላህ የሁላችንንም ጉዞ ያሳካልን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።