ይገባሻል?

አያቴ ዓይኗ ላይ ሞራ ከወጣ ጀምሮ ውዳሴ ማርያም የማነብላት እኔ ነኝ። በቃሏ ታውቀዋለች። ግን መጽሐፉ ካልተገለጠ የጸለየች አይመስላትም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፉሪ ላይ የታክሲ ሰልፍ ከመያዜ በፊት አልጋዋ ጫፍ ቁጭ ብዬ የዕለቱን አነባለሁ። ሰኞ የሰኞውን፣ ማክሰኞ የማክሰኞውን፤ ለሰባቱም ቀን የየራሱ ክፍል አለው። ከተሳሳትኩ ዓይኗን ሳትገልጥ ታርመኛለች።

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለሁ፣ ለእረፍት መጥቼ አንድ ጥያቄ ጠይቄያት ነበር። «እማማ፣ ይሄ ግዕዝ አይደል እንዴ? የምታነቢው ይገባሻል?» ምህንድስና የሚማር ልጅ ጉራ ነው። መጽሐፉን ዘግታ ሳመችውና ቡናዋን ልታፈላ ተነሳች። መልስ አልሰጠችኝም። እኔም ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ዘንድሮ ጥያቄው ዞሮ እኔው ላይ መጣ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ያልገባኝ ነገር ሲኖር ዶክመንቴሽን አነባለሁ፣ ኤረሩን እፈልጋለሁ፣ ቢመሽም ይገባኛል። እግዚአብሔርንም እንደዚያ ነበር የጠበቅሁት። ለወራት «ራስህን ግለጥልኝ» እያልኩ ጸለይኩ፤ ምንም የለም። ቀስ በቀስ ተውኩት። ለማንም አልነገርኩም። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እጾማለሁ፣ ለራሴ ብዬ አፌን ከከፈትኩ ግን ቆየሁ። በቀን ውስጥ የቀረችኝ ጸሎት የእሷ ብቻ ነበረች፤ እሷንም እንደ ሥራ ነው የምጨርሳት።

አንድ ረቡዕ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ከግዕዙ ጎን ያለውን አማርኛ አነበብኩላት።

«ቆይ፣ እሱን ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። ትንሽ ዝም አለችና፣ «ያኔ የጠየቅኸኝ… አይገባኝም ነበር» አለች።

ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ፊደሉ አንድ ስለሆነ ግዕዙንም ማንበብ ቻለች። «ፍቺውን ግን ማን ይንገረኝ? ጸልዬ ስጨርስ፣ አንተው አስረዳኝ እለዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ ሳትወለድ።»

«አልሰለቸሽም?»

«ይሰለቸኛል እንጂ! አንዳንዴ እያንቀላፋሁ ነው የምጨርሰው።»

እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ተስፋ የቆረጥኩት በስድስት ወር ነበር።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ታውቁታላችሁ። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ቀርቦ የጠየቀው፣ እኔ አያቴን የጠየቅሁትን ነው። እሱ ግን ጠይቆ አልሄደም፤ ሠረገላው ላይ ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ። እኔ የዘለልኳት ይህችን ነው። ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች የጥበብና የመገለጥ መንፈስ እንዲሰጣቸው ሲለምን፣ የለመነው አስቀድመው ላመኑ ሰዎች ነው። ለካ አለመረዳት ከእምነት መውጣት አይደለም።

ኮድ ላይ አንድ መስመር ሁለት ነገር ሊሆን ከቻለ ባግ ነው። የእኛ መጻሕፍት መምህራን ግን አንዱን ቃል ፈትተው ሲጨርሱ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ። ትርጓሜው አንድምታ የተባለውም ለዚህ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እግዚአብሔርን ግን በአንድ ሌሊት ተረድቼው ልዘጋው ነበር የምፈልገው።

አሁን አንዴ በግዕዝ፣ አንዴ በአማርኛ እናነባለን። ሁለታችንም ያልገባንን ስልኬ ላይ እጽፋለሁ፤ የንስሐ አባቷ ሲመጡ እንጠይቃቸዋለን። እኔ ዛሬም ምንም አልተገለጠልኝም። ይሄን ሳልደብቅ ነገርኳት። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ መጨረሻ ላይ «አስረዳኝ» ትል የነበረውን «አስረዳን» ትላለች። አሜን የምለው እኔ ነኝ። ብዙ ቀን ሥራ አረፍዳለሁ።