ጸሎትና ቅባት

በትዳር ያላችሁ፣ ዛሬ የማካፍላችሁ ከባለቤቴ እንኳ ደብቄው የነበረውን ነገር ነው።

የሳንባ ካንሰር እንዳለብኝ በታወቀ ጊዜ ሐኪሜ ኤርሎቲኒብ የተባለ፣ በየቀኑ በባዶ ሆድ የሚዋጥ ኪኒን አዘዘልኝ። በ10ኛው ቀን ፊቴ፣ ደረቴና ጀርባዬ ብጉር በሚመስል ቀይ ሽፍታ ተሸፈነ። ያሳክካል፣ ያቃጥላል። የመጋቢ ሚስት ነኝና እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን በር ቆሜ እህቶችን እየሳምኩ እቀበላለሁ። አንድ እሑድ አንዲት እናት ልትስመኝ ቀርባ ፊቴን ስታይ እጇን ብቻ ዘረጋችልኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ። ከማግስቱ ጀምሮ 4 ቀን ኪኒኑን አልዋጥሁም። ባለቤቴ “ወሰድሽ?” ሲለኝ “አዎን” እለው ነበር። ለሌሎች ስለ እውነት የማስተምር ሴት!

በ5ኛው ቀን ኪኒኖቹን ቆጠራቸው። አልተቆጣኝም። አጠገቤ ተቀምጦ “እኔ የምፈልገው አንቺን ነው፤ ፊትሽ የፈለገውን ይምሰል” አለኝ። በዚያው ቀን አብረን ወደ ሐኪሙ ሄድን።

ሐኪሙ እንዲህ ሲል አስረዳን፦ መድኃኒቱ የካንሰሩን ሕዋስ “እደግ” የሚለውን ምልክት ይዘጋል። ጤነኛ ቆዳም ራሱን ለማደስ ይህንኑ ምልክት ስለሚፈልግ ይጎዳል። ሽፍታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ተራ ብጉርም ስላልሆነ የብጉር መድኃኒት ቆዳውን ይበልጥ ያደርቀዋል። በሰው ምክር ሎሚ መቀባቴንም አስተወኝ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህ ነው። ለብ ባለ ውሃና ሽቶ በሌለው ለስላሳ ሳሙና እታጠባለሁ፤ ሳላሽ በፎጣ ተጭኜ አደርቃለሁ፤ ወዲያውም ሽቶና አልኮል የሌለበት ቅባት እቀባለሁ። ፀሐይ ሽፍታውን ስለሚያብሰው የፀሐይ መከላከያ ክሬምና ነጠላዬ አይለዩኝም። ሐኪሙ ሃይድሮኮርቲዞን ቅባትና ዶክሲሳይክሊን ጨመረልኝ፤ እነዚህን ግን ማንም ሳይታዘዝለት አይጀምር። ትኩሳት ከመጣ፣ ቆዳ ውሃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ፣ አፍ ወይም ዓይን ከቆሰለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው። መድኃኒቱን ማቋረጥም ሆነ መቀነስ የሐኪሙ ውሳኔ እንጂ የእኔ እንዳልሆነ ተምሬአለሁ።

“ጸሎት እያለ ቅባት ምን ያደርጋል?” ያሉኝ ነበሩ። ንጉሥ ሕዝቅያስን አስታወስሁ። እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግ አዘዘ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ይህን ታሪክ ሳጠና ጸሎቱን ይዤ በለሱን ዘልዬው ነበር።

አሁን ማታ ማታ እጄ የማይደርስበትን ጀርባዬን ባለቤቴ ይቀባኛል። እየቀባ ይጸልያል። ሽፍታው ፈጽሞ አልጠፋም፣ ቀንሷል፤ በመካከላችን የነበረው ውሸት ግን ጠፍቷል።

ባለትዳሮች ሆይ፣ ሕመማችሁን ከአጋራችሁ አትደብቁ። ቅዱሳን ሆይ፣ ፊቱ የቆሰለ ሰው ስታዩ “ምን በድሎ ይሆን?” አትበሉ። ያቺ እናት ነገሩን ከሰማች በኋላ በዚያው በር ላይ ደጋግማ ሳመችኝ። የዚያን ቀን ፊቴን አልሸፈንሁም።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።